የሚወዱት ዝርያ

ጥቅምት ሦስት ቀን 2094 ዓ.ም. ጠዋት፣ በልሳነወርቅ በር ሥር አንድ ቅጽ ሾልኮ ገባ። በዚያ መንደር ወረቀት ሲገባ የሚደነግጥ የለም፤ በበር መግባት የቀረው ሰው ነው። ቅጹ ልሳነወርቅ ስልሳ ስምንት ዓመት እንደሞላውና ብቻውን የሚኖር ተብሎ እንደተመዘገበ ካስታወሰ በኋላ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ቢሮ ቀርቦ አንድ አብሮ ኗሪ መርጦ እንዲረከብ ያዛል። ከግርጌው አንድ ክፍት ቦታ አለ። ከክፍት ቦታው ፊት «የሚወዱት ዝርያ» ይላል።

ልሳነወርቅ ቅጹን ሁለት ጊዜ አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሚወደው ዝርያ አልነበረውም። የሚጠላው ግን አንድ ነበር።

አብሮ ኗሪ የሚሏት የእግዜር ፈረስን ነው፤ ያቺ ሁለት የፊት እጆቿን አጣጥፋ ጸሎት ላይ ያለች መስላ የምትቆመውን፣ ዝንብ ሲያልፍ ግን ዘርግታ ቀጨም የምታደርገውን። ውሻና ድመት ውሃ በራሽን መሰጠት ሲጀምር ቀርተዋል። ወፍም ይጮሃል ተብሎ ቀረ። የእግዜር ፈረስ አትጮህም፣ አትሸትም፣ በቀን አንድ ዝንብና አንድ ጠብታ ውሃ ይበቃታል። ጀርባዋ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታክል ነገር ተለጥፋባታለች፤ ቢሮው በዚያች በኩል መኖሯን፣ መብላቷንና ክብደቷን ያያል። የሚያበላት እጅ ከቀረ እሷም በረሃብ ትሞታለች፤ እሷ ስትሞት ቢሮው በሩን ይከፍታል፤ የእድር ተሸካሚዎች ይገባሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ብቸኛ ሰው ሞቶ ሳይታወቅ እንዳይከርም የታሰበ ነው፤ ደግ አሳብ ነው ይላል ሁሉም።

በር አንኳኩቶ መጠየቅማ ከቀረ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። የበር ሰላም ደንብ ከወጣ ወዲህ ያንኳኳ ሰው በመጀመሪያው ይመዘገባል፣ በሁለተኛው ቤቱን ይለቃል። መጀመሪያ ላይ ሰው አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደው፣ ቆይቶ ወደደው። አሁን ልጆች ጠረጴዛ በጣታቸው ኳ ኳ ካደረጉ እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል።

ሌላም ደንብ አለ። እስከ ሦስተኛው ቀን የተገኘ ሬሳ ለእድር ይሰጣል፤ ይገነዛል፣ ፍትሐት ይደረግለታል፣ በስሙ ጉድጓድ ይቆፈርለታል። ሦስተኛው ቀን ካለፈ ግን የጤና ደንቡ አይፈቅድም፤ ታሽጎ ወደ አፈር ማምረቻው ይሄዳል። ከዚያ የሚወጣው አፈር ጥሩ አፈር ነው፤ መንደሩ የሚበላው ቲማቲም የሚበቅለው በሱ ነው።

ልሳነወርቅ የሚኖረው ከአዳማ ማዶ ሜዳው ላይ ከተደረደሩት አርባ ሁለት ሕንፃዎች በአሥራ ዘጠነኛው፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። የናስ ክብደቶቹን በእንጨት ሣጥን ይዞ ከገበያ ገበያ እየዞረ የቅቤውን፣ የበርበሬውን፣ የማሩን ነጋዴ ሚዛን ሲፈትሽ ኖሯል። ከሳህኑ ሥር ሰም የለጠፈ፣ ክንዱን በሞረድ የበላ፣ ስንቱን እጅ ከፍንጅ ይዟል። ሳይፈትሽ ያመነው ሚዛን የለም። ሰውንም ቢሆን እንደዚያው ነበር፤ ሚስቱ ከሃያ ዓመት በፊት ጓዟን ጠቅልላ ስትወጣ የተናገረችው አንድ ነገር ቢኖር ይህንኑ ነው። ልጅ አልወለዱም።

የቀረችው እህቱ አስካለ ብቻ ነበረች። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ሲሞቱ እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥባ አብልታ፣ ቀጥታ መክራ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ አሥራ ዘጠነኛው ሕንፃ፣ እሷ ሠላሳ አንደኛው ላይ ሆነው ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚተያዩት፤ እሁድ እሁድ ግን ስልክ አለ። የሚደውለው እሱ ነው። በነሱ ቤት ታናሽ ይደውላል፣ ታላቅ ይመልሳል፤ ታላቅ ስልክ አንስታ ታናሽዋን ደህና ነህ ወይ ብላ አትለምንም። ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ግን በመንደሩ ካሉት ደንቦች ሁሉ የጸና ነበር።

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ አስካለ በስልክ፣ «የሺ ዛሬ ቆዳዋን ለውጣ ክንፍ አወጣች» አለችው።

«የሺ ማናት?»

«የእግዜር ፈረሴ ናታ። እጇን አጣጥፋ ስትቆም ቁርጥ እማዬን።»

ልሳነወርቅ ደሙ ፈላ። የእናቴን ስም ዝንብ ለምትበላ ፍጥረት ትሰጫለሽ ብሎ ጮኸባት። እሷ ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ እማዬ ብትሰማ እሷም ትስቅ ነበር አለችው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። በሚቀጥለው እሁድ አልደወለም። በሚቀጥለውም አልደወለም፤ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ኩርፊያውን እንደ ሥራ ያዘው። እሷም ታላቅ ናትና አልደወለችም፣ ብሎ አሰበ። ከሁለተኛው እሁድ ማግስት ሰኞ የሠላሳ አንደኛው ሕንፃ ሰዎች በአየር ማስገቢያው ጠረን መጣብን ብለው አመለከቱና በሩ ተከፈተ። አስካለ ከሞተች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር፤ መጀመሪያ ሳይደውል በቀረበት እሁድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ነው የሞተችው። በማግሥቱ ደውሎ ቢሆን፣ ስልኩ ሲጠራ ሲጠራ ቢቀር፣ በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር።

አበባ የምትመስለዋ የእግዜር ፈረሷ በሕይወት ተገኘች። ነጭና ሮዝ፣ ክንፏ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ ያላት፣ በመንደሩ ሰው ሁሉ የሚሻማባት ዝርያ ናት፤ አበቢት ይሏታል። ልሳነወርቅ ይህን ሲሰማ ነገሩ ገባው፣ ወይም የገባው መሰለው። ይቺ ዝርያ ረሃብ ትችላለች። ዘጠኝ ቀን ሳትበላ ቆማ እህቱን ሳታጋልጥ ቀረች። አስካለ በመልክ ተታላ ነው የመረጠቻት፤ ረሃብ የማትችለውን ብትመርጥ ኖሮ በሁለተኛው ቀን ትገኝ ነበር። ጥፋቱን ከራሱ ላይ አንሥቶ ጣት በማታክል ፍጥረት ላይ ጫነው፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ትንሽ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። አስካለ ወደ አፈር ማምረቻው ሄደች። እድሩ ሬሳ ስላልተረከበ ድንኳን አልተከለም።

እንግዲህ ልሳነወርቅ ቅጹ ሲመጣለት የሚፈልገውን ያውቃል። የሚፈልገው በሦስት ቀን ውስጥ መገኘት ነው። መገነዝ፣ ፍትሐት፣ በስሙ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ሌላ ነገር አልፈለገም።

በአራተኛው ቀን ወደ ቢሮው ወረደ። የአብሮ ኗሪ ክፍል ኃላፊዋ ትርሲት ትባላለች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ፍጥረቶቿን የምትወድ ሴት ናት። ከወንበሯ ተነሥታ ከመስታወት ሣጥን መስታወት ሣጥን አስጎበኘችው። ትልቋን አረንጓዴ አሳየችው፤ ዓይኗ ቀን ቀን አረንጓዴ ሆኖ ሲመሽ ይጠቁራል። የደረቀ ቅጠል የምትመስለውን አሳየችው፤ አጠገቧ ቆመህ እንኳ ፍጥረት አትመስልህም። አንገቷ ቀጥኖ ረዝሞ ሆዷ ሰፋ ያለውን አሳየችውና ማሲንቆ ነው የምንላት አለችው፤ ስትራመድ ትወዛወዛለች፣ ብዙ ወንዶች እሷን ይመርጣሉ። አበቢት ዘንድ ሲደርሱ ልሳነወርቅ ፊቱን አዞረ።

«ሳትበላ ቶሎ የምትሞተዋ የትኛዋ ናት?» አላት።

ትርሲት በሰባት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ተብላ አታውቅም። «አባቴ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ብዙ የምትቆየዋን ነው።»

«እኔ ቶሎ የምትሞተዋን ነው የምጠይቅሽ።»

ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንድ ሣጥን አወጣች። ውስጡ የምስማር ያህል የቀጠነች፣ አመድ የመሰለች፣ መልክ ያልፈጠረባት ፍጥረት እንጨት ይዛ ቆማለች። አመዴ እንላታለን አለችው፤ ትንሽ ስለሆነች ስንቅ የላትም፣ ሁለት ቀን ካልበላች በሦስተኛው ትወድቃለች፣ ማንም መርጧት አያውቅም። ልሳነወርቅ እስክሪብቶ ጠየቀ። ትርሲት ቅጹን ስትቀበለው «ይወዷታል ብዬ መመዝገብ አለብኝ» አለች፤ ጥፋት የሠራች ይመስል እያፈረች። መዝግቢ አላት።

ዝንቦቹ ሰኞ ሰኞ በመስታወት ቱቦ ይመጣሉ። ልሳነወርቅ በየጠዋቱ አንድ ዝንብ በወረንጦ ይዞ ወደ አመዴ ያስጠጋል፣ በጥጥ ጫፍ ውሃ ይነካካላታል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ስትበላ ያያል። ስትበላ እንደ ሰው ናት፤ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከራስ ጀምራ፣ አትቸኩልም። ከበላች በኋላ እጇን ታጸዳለች። በመጀመሪያው ወር እንደ መሣሪያ ነበር የሚያያት። በሁለተኛው ወር አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ምድጃው ሲሄድ አንገቷን አዙራ ትከተለዋለች፣ ሲመለስ አብራው ትመለሳለች። ልሳነወርቅ ከቤቱ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚያየው ፍጡር ካጣ ሃያ ዓመቱ ነው።

ስም አላወጣላትም፤ የአስካለን ስህተት አልደግምም ብሎ አንቺ ብቻ ይላት ነበር። ግን ያወራታል። ክብደት ሲደረግበት በትንፋሹ ሚዛኑን ስለሚያነሳው ማር ነጋዴ ነገራት። አንዲት በርበሬ ሻጭ አታላይ ሚዛኗን ቀምቷት፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ያንኑ ሚዛን ከየት እንዳገኘችው ሳይታወቅ ይዛ እንደተቀመጠች ነገራት። አመዴ እጇን አጣጥፋ ሰማች። በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ይላት ጀመር፣ ይህን ሲል ራሱን ሰምቶ አፈረ፣ ግን አልተወም።

ነገር ግን ልሳነወርቅ ልሳነወርቅ ነው። ሚዛን ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ክብደት ሲጫንበት ብቻ እንደሆነ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሲናገር የኖረ ሰው፣ ሞቱን ሳይፈትሽ ለአንድ ቢሮ አደራ መስጠት አልሆንለት አለ። ሁለት ቀን ትችላለች የተባለችው ሰባት ብትችልስ? ደወሉ ባይደወልስ? በሩ ባይከፈትስ? ከሞተ በኋላ ወጥቶ አይከስስም። ከገና በፊት ሊፈትሽ አሰበና አሳዘነችው፤ በዓሉ ይለፍ ብሎ አቆየው። ጥር ሲገባ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወረንጦውን አላነሣም።

አመዴ በምትበላበት ሰዓት ወደምትበላበት የእንጨቷ ጫፍ መጥታ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። እስከ እኩለ ቀን እዚያው ቆመች። ረቡዕ ዕለት ጣቱን ሻይ ብርጭቆው ላይ ሲያሳርፍ እጇን ወደ ጣቱ ዘረጋች። ልሳነወርቅ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረና ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ አልቻለም፤ አንድ ዝንብ በወረንጦ ይዞ እፊቷ ድረስ አደረሰና መልሶ ቱቦው ውስጥ ከተተው። አስካለን አሰበ፣ አፈሩን አሰበ፣ ቲማቲሙን አሰበ። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ አመዴ ከእንጨቷ ወደቀች። እግሮቿ ወደ ሆዷ ተጣጠፉ። ልሳነወርቅ ሰዓቱን አየ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ በሩ በራሱ ተከፈተ። ሁለት የእድር ተሸካሚዎች አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ቃሬዛና ነጭ አቡጀዴ ይዘው ገቡ፤ ልሳነወርቅን ሰዓት እጁ ላይ ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ አገኙት።

«ሠላሳ ስምንት ደቂቃ» አላቸው፣ ፈገግ ብሎ። ከሐምሌ ወዲህ ፈገግ ሲል የመጀመሪያው ነው። ሚዛኑ ትክክል ነበር። ደወሉ ይደወላል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይመጣል፤ ልሳነወርቅ በስሙ ጉድጓድ ይቆፈርለታል። ከዚያ ዓይኑ አመዴ ላይ አረፈና ሳያስበው አለቀሰ። ደስታውም እንባውም አብረው መጡበት፣ የቱን መያዝ እንዳለበት አላወቀም።

ወጣት የሚመስለው ተሸካሚ ተናዶ ለትርሲት ሊያመለክት ወረደ። ትልቁ ቀረ። ድሪባ ይባላል፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ቃሬዛውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ይቀመጡ ሳይባል ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጭምብሉን አወረደና አመዴን በአንድ ጣቱ ገለበጣት።

«ጋሼ፣ በረሃብ ሞታ ሳያት ይቺ የመጀመሪያዬ ናት» አለ።

ልሳነወርቅ አልገባውም። ስንት ዓመት ሠርተሃል አለው። አሥራ አንድ አለ ድሪባ።

«ታዲያ በአሥራ አንድ ዓመት በምን ነበር የምትጠሩት?»

«በጠረን ነዋ። ጎረቤት ሲያመለክት። እነሱማ ሁልጊዜ ደህና ናቸው፤ ወፍረው ነው የምናገኛቸው።»

«ማን አብልቷቸው?»

ድሪባ በእጁ ወደ አየር ማስገቢያው ጠቆመ። «ሬሳ ካለ ዝንብ ይመጣል፣ ጋሼ። በየት እንደሚመጣ እንጃ፤ በቧንቧው ነው በአየር ማስገቢያው፣ ብቻ ይመጣል። ቱቦው ከሚይዘው የበለጠ ዝንብ ይመጣል። የትኛዋም ዝርያ ብትሆን ያን ጊዜ አትራብም።» ለቢሮው ሁለት ጊዜ ነግሯቸው እንደነበር፣ እነሱም በመዝገቡ መሠረት አንድም አብሮ ኗሪ ተርባ እንዳልሞተች፣ ይህም ጥሩ ውጤት እንደሆነ እንደመለሱለት ጨምሮ ነገረው።

ልሳነወርቅ ስለ ሠላሳ አንደኛው ሕንፃ ጠየቀው። ሐምሌ ላይ፣ አስካለ የምትባል ሴት፣ አበቢት የነበረቻት። ድሪባ እህቱ መሆኗን አላወቀም ነበርና ያየውን እንዳየው ተናገረ፤ አስታውሳለሁ፣ አበቢቷ ሆዷ ከብዷት እንጨቷ ላይ መውጣት አቅቷት ነበር አለ። ከዚያ የልሳነወርቅን ፊት አይቶ ማን እንደነበረች ገባው።

አበቢት ረሃብ የቻለች አልነበረችም። አንድም ቀን አልተራበችም። አስካለ ቆንጆዋን መምረጧ አልገደላትም፣ አስቀያሚዋን ብትመርጥም አያድናትም ነበር። ልሳነወርቅ ስድስት ወር ሙሉ አበቢት ላይ ጭኖት የኖረውን ነገር አሁን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። የቀሩት ያልደወለባቸው ሁለት እሁዶች ብቻ ነበሩ። አመዴንም በከንቱ ገደላት።

ሲረጋጋ፣ አንተ ብቅ እያልክ ብታንኳኳልኝስ ብሎ ለመነው። ሰው ለምኖ አያውቅም ነበር። ድሪባ ቢይዙኝ ሥራዬም ቤቴም ይሄዳል አለ፤ እኔም እኮ ብቻዬን ነኝ፣ ሰባተኛው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ያለችኝ ዕድሜዬ ሳይደርስ ለምኜ የወሰድኳት አንዲት ማሲንቆ ናት። ከዚያ ድሪባ ስልክ ክልክል አይደለም አለ። እሁድ በሦስት ሰዓት እደውላለሁ፣ ታናሽ እኔ ነኝ። አሉ ወይ እላለሁ፣ አለሁ ይላሉ። አንዳችን ካላነሣን ሌላው ያመለክታል።

ልሳነወርቅ በቸልተኝነት ተመዘገበ፤ አዲስ ቅጽ ተሰጠው፤ እንዲመርጥ ሦስት ሳምንት ተፈቀደለት። ቅጹን አልነካውም።

በመጀመሪያው እሁድ ከስልኩ በፊት ጸጉሩን አበጠረ። በሦስት ሰዓት ተደወለ። «አሉ ጋሼ?» «አለሁ።» ሁለቱም ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው ዘጉ። በሁለተኛው እሁድ ድሪባ ስለ ጉልበቱ አወራ፤ ልሳነወርቅ በትንፋሹ ሚዛን የሚያነሳውን ማር ነጋዴ ነገረው፤ ድሪባ እስኪያስለው ሳቀ። አርባ ደቂቃ ቆዩ። ያን ቀን ልሳነወርቅ መስኮቱን ወልውሎ፣ መስኮቱ እንዲህ ብዙ ብርሃን እንደሚያስገባ ረስቶት እንደነበር ለራሱ ተናገረ።

በሦስተኛው እሁድ ስልኩ አልጮኸም። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቀ። ከዚያ ቅር አለው። ሰለቸሁት ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ የሽማግሌ ወሬ ለሁለት እሁድ ይበቃል። ልደውል ብሎ እጁን ሰደደና መለሰው፤ ተራው የሱ ነው፣ ታናሹ እሱ ነው፣ ቃሉን የሰጠው እሱ ነው። ሰኞ ሲደውል እንዴት አድርጎ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ እንደሚመልስለት አዘጋጀ። ሰኞ አልተደወለም። ማክሰኞ የበለጠ ተናደደ። ረቡዕ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው።

ሐሙስ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ፣ ፎጣው እጁ ላይ እንዳለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባው። ኩርፊያውን ያውቀዋል፤ ያው የሐምሌው ነበር። ፎጣውን ጥሎ ደወለ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያበቃል። አሥራ ሁለት ጊዜ ደወለ።

ቅጹን ኪሱ ከትቶ ወረደና ሰባተኛው ሕንፃ ድረስ እየተንደረደረ ሄደ። አራተኛው ፎቅ ላይ የድሪባ ስም የተጻፈበት በር ፊት ቆመ። እጁን አነሣና አንኳኳ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላንኳኳ እጅ መጀመሪያ ላይ ለስለስ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በጡጫው ደበደበው፣ ስሙን ጠራ፣ እኔ ነኝ ልሳነወርቅ ነኝ አለ። ከበሩ በላይ ያለችው ቀይ መብራት ስሙን ስትመዘግብ ብልጭ አለች። ከዚያ ሁሉ በር አንድም አልተከፈተም።

ትርሲት ትንፋሹ ተቆራርጦ ሲገባ ውሃ ሰጠችው። በሩን ክፈቱ አላት፤ ሰውየው እንደ ቃሉ ሳይደውል አምስት ቀን ሆነው፣ ዛሬም ሲደወልለት አላነሣም። ትርሲት ተሸካሚዎች ጥሪ ሲኖር ብቻ እንደሚሠሩ፣ ጥሪ ያልመለሰ እንደሆነ ተራው ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ፣ ለምን አላነሣህም ተብሎ እንደማይጠየቅ በትዕግሥት አስረዳችው። ሰው ስልክ የማያነሣበት ብዙ ምክንያት አለ አባቴ አለችው። ልሳነወርቅ የዝንቡን ነገር ነገራት፤ የሠላሳ አንደኛውን ሕንፃ፣ የእህቱን፣ ሁሉንም። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ይህን ወሬ ሰዎች እንደሚያወሩት፣ በመዝገቡ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ነገረችው። በሩ የሚከፈተው አብሮ ኗሪዋ ስትሞት ወይም የዚያው ሕንፃ ሰዎች ጠረን መጣብን ብለው ሲያመለክቱ ብቻ ነው፤ እሷ ብትፈልግ እንኳ መክፈቻው በእጇ የለም።

ይሁንና አሳዘናት። ልቡ እንዲያርፍለት ብላ የሰባተኛውን ሕንፃ ዝርዝር ጠረጴዛዋ ላይ ባለው የመዝገብ መስታወት አወጣች፣ በጣቷ እስከ አራተኛው ፎቅ ወረደች፣ ፊቷ በራ።

«ይኸው፣ አይጨነቁ አባቴ። ማሲንቋቸው ደህና ናት። በደንብ እየበላች ነው፤ እንዲያውም ካለፈው እሁድ ወዲህ ክብደት ጨምራለች።»

ልሳነወርቅ መስታወቱ ላይ ያለውን ቁጥር አየ። ሚዛን ሲያነብ የኖረ ዓይን ነውና አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደበትም።

«ማን ነው የሚያበላት?» አለ።

«ጋሽ ድሪባ ናቸዋ፣ ሌላ ማን አለ» አለች ትርሲት። ከዚያ ከኪሱ ብቅ ያለውን ቅጽ ቀስ አድርጋ ስባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው ብላ፣ ጣቷን ክፍት ቦታው ላይ አድርጋ፣ የትኛዋን እንደሚወድ ጠየቀችው።